ጠጅ ትቼ ብርዝ
ነቀምቴ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

«ጋሼ ስኳር ከተዉ ወዲህ መራራ ሆነዋል» ስትል ጎረቤታችን አዴ ጫልቱን ከአጥሩ ማዶ ሰማኋት። እውነት ከሆነ ድኛለሁ ማለት ነው። ሐኪሙ ደሜ ጣፍጧል ብሎ ነው ጠጅና ስኳር የከለከለኝ፤ አለዚያ እግሬን እንደማጣ አስጠንቅቆኛል።

ባለቤቴ ግን በጠጁ ፈንታ ብርዝ ታቀርብልኛለች።

«ይኼም እኮ ማር ነው» አልኳት።

«ኧረ አባ ቶሌራ! ያልፈላ ማር ኃጢአትም በሽታም የለበትም። ደግሞ የአርጆ ማር፣ መድኃኒት! ሐኪሙ ስኳር አለ እንጂ ማር መች አለ?»

ጸልያበት ስለምትቀዳው እምቢ ማለት ይከብዳል። ደግሞም ይጣፍጣል። ዛሬም ጠጣሁ።

ማታ ጫማዬን ሳወልቅ ካልሲዬን ደም አርሶት አገኘሁ። ምስማር ወግቶኝ ኖሯል፤ አልተሰማኝም።