የአምናው ካላንደር

ጓደኛዬ፣ እህት ዓለም፣

ተኝተሽ ስለነበር አልቀሰቀስኩሽም። ሻዩ ፔርሙዝ ውስጥ ነው። የስፌት ቤቱን ቁልፍ ፍሪጁ ላይ ትቼልሻለሁ።

ለሆስፒታሉ ጋውን ልንሰፋ ውል ስፈርም፣ በቀን ሃያ፣ በሃያ የሥራ ቀን አራት መቶ ብዬ የቆጠርኩት ኩሽና ከተሰቀለው ካላንደር ላይ ነው። ለካ የአምናው ነው። አምና እሑድ የዋሉት ሁለቱ በዓላት ዘንድሮ ሰኞ ሰኞ ሆነዋል። ያለን አሥራ ስምንት ቀን ብቻ ነበር። ትናንት ሁለት ቀን ጨምሩልን ብዬ ብለምን፣ ሥራውን ለሌላ ሰጡት።

ነፍሳቸውን ይማርና እናትሽ የሐኪም ቀጠሯቸውን በእጃቸው የጻፉበት ስለሆነ አይውረድ ብለሻል። እሱ ይገባኛል። አዲሱን አጠገቡ እንስቀል ስልሽ ግን ተነስተሽ ወጣሽ።

ይሁን። ዓይን እያለኝ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

የቀረውን ጨርቅ አትቁረጪው። የሸጠልን ነጋዴ መልሶ ይቀበለን እንደሆን ልጠይቀው ሄጃለሁ። የተቆረጠውን ግን ማንም አይወስደውም።

ለሰፊዎቹ ሰኞ እንዳይመጡ አንቺ ንገሪልኝ። እኔ ፊታቸውን ማየት አልችልም።

ተይው፣ ሰኞ ለካ በዓል ነው።
ማክሰኞ እንዳይመጡ በያቸው።