ገዛ ሃይለ

መቀሌ፣ ግንቦት 19 ቀን 1994 ዓ.ም.

ውድ አቶ ረዳኢ፣

ይህን ደብዳቤ ለሽሬው አውቶቡስ ሹፌር የምሰጠው ፖስታውን ሁለት ጊዜ በሙጫ አሽጌ፣ በላዩ ደግሞ ፕላስተር ለጥፌበት ነው። ሹፌሩ ምን አደረገኝ? ምንም። የሔሩይ አከራይ ሙሚና እንኳ አይታኝ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ሁሉ ያንቺን ደብዳቤ ካላነበበ እንቅልፍ አይወስደውም እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። ምን ላድርግ፣ እንዲህ ነኝ። እርስዎም አይተውኛል።

ስለዚያ ቀን ከመናገሬ በፊት የእኔን ነገር ይስሙኝ። ባሌ ሔሩይ እዚህ ውሃ ሥራ ላይ በቆየባቸው ስድስት ዓመታት እኔ ደብረ ብርሃን ሁለት ሴት ልጆች ይዤ በዓመት ሁለቴ ነበር የማየው። ሲመጣ ስለ ዓይናለም ሰፈር የውሃ ጉድጓዶች ያወራል፣ ስለ ነፋሱ ያወራል። ስለ መኪና ግን አንድ ቀን ትንፍሽ አላለም። መጋቢት ላይ አስከሬኑ መጣልኝ። ቀብሩ ላይ ከመቀሌ ከመጡት ሰዎች መሃል እርስዎም ነበሩ አሉ፤ እኔ በዚያ ቀን ማንንም አላየሁም።

አርባው እንዳለፈ ዕቃውን ልሰበስብ መጣሁ። ከልብሶቹ መሃል አንድ ሊብሬና አንድ ፎቶግራፍ አገኘሁ። ሊብሬው የፊያት 124 ስፓይደር ነው። ፎቶው ላይ ሔሩይ ከስቶ፣ ጉንጩ ጎድጉዶ፣ ግን ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ እየሳቀ ጣሪያዋ የተገለበጠ ቀይ መኪና መሪ ይዟል። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ መኪና ናት። ከጎኑ የተቀመጠው ሰው በፎቶው ጠርዝ ተቆርጦ አንድ ሰማያዊ ትከሻ ብቻ ቀርቷል።

አቶ ረዳኢ፣ በዚያች ሰማያዊ ትከሻ ስንት ቀን እንደተቃጠልኩ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። ደብረ ብርሃን ግድግዳው የቆመ፣ ጣሪያ የሌለው ቤት አለን። ሔሩይ ቸኩሎ በሩን ከጣሪያው በፊት አስገጠመና ቆርቆሮውን «በሚቀጥለው ዓመት» እንዳለ ቀረ። እኔ ከልጆቼ ከሮሃና ከሳምሪ ጋር ወንድሜ ቤት በአንዲት ክፍል ታጭቄ፣ እሱ እዚህ ከሰማያዊ ለባሽ ጋር ነፋስ ሲቀበል! እንግዲያው መኪናዋን እሸጣታለሁ፣ ክረምት ሳይገባ ቤቱን አለብሳለሁ አልኩ። ሠላሳ ሺህ ብር ቢኖርሽ ሁሉም ያልቃል ብለውኛል። ከዋጋዋ ላይ ማንም አንዲት ሳንቲም እንዳይበላብኝ ብዬ ነው የተነሳሁት።

አዲስ አበባ ፒያሳ አሮጌ መኪና የሚገዛ የሚሸጥ ኤልሳዕ የሚባል የአጎቴ ልጅ አለኝ። ስደውልለት «ስፓይደር? እንዳልሽው ከሆነች ሃምሳ ሺህ ታወጣለች» አለኝ። ሙሚና ደግሞ «መኪናዋን አብጠርጥሮ የሚያውቃት መካኒኩ ረዳኢ ነው» ብላ ወደ እርስዎ ላከችኝ። ሓወልቲ አጠገብ ያለው ካፌ ተገናኘን።

ገና እንዳዩኝ «ኣጆኺ ሓብተይ» አሉኝ። እኔ «ሀብቴ» ያሉኝ መሰለኝ። ገና ከመተዋወቃችን ሀብቴ! ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብ አደረግሁ። ዋጋዋን ስጠይቅዎ ጣትዎን እያጠፉ ቆጠሩልኝ። ግራ በሩ ስቱኮ ነው። ካምቢዮው ሁለተኛ ማርሽ ላይ ይቸግራል። የጨርቅ ጣሪያዋ ተቀድዷል።

«ሠላሳ ሁለት ሺህ፣ ሓብተይ። ከዚህ በላይ የሚልሽ ሰው እያሞኘሽ ነው።»

«ሞተሯስ?» አልኩ።

«ሞተሯ ጤነኛ ነው» ብለው ዓይንዎን ወደ ሻይ ብርጭቆው መለሱ። እዚህች ላይ ነገር አለች አልኩ በልቤ። ሰው ዕቃ ሲያራክስ ሊገዛው ነው፤ ይህን ማን ያጣዋል? መኪናዋን ልያት ስልዎ «ነገ እወስድሻለሁ» አሉ። ለምን ነገ? ለምን ዛሬ አይሆንም?

እጅዎን ሊታጠቡ ሲነሱ የቁልፍ ዘለላዎን ጠረጴዛው ላይ ትተውት ሄዱ። አዎ፣ ነካሁት። አንደኛው ቁልፍ ላይ በሲባጎ የታሰረች ቁራጭ ካርቶን አለች፤ በእስክሪብቶ የተጻፈው «ገዛ ሃይለ» ይላል። ደሜ ፈላ። እኔን በሠላሳ ሁለት ያስማማኛል፣ ለካ ሃይለ የሚባል ሰው ገዝቶ ጨርሷል! በስንት እንደገዛ ደግሞ እነሱ ያውቃሉ።

ሲመለሱ ያልኩዎትን ለማስታወስ አፍሬያለሁ፣ ግን እጽፈዋለሁ። «ለሃይለ በስንት ሸጣችኋት?» አልኩ። ግራ ገብቶዎት «ሃይለ? ሃይለ መንዳትም አይችል!» አሉ። ያኔ ተነስቼ ቆምኩና ካፌው ሁሉ እየሰማ «ሌባ!» አልኩዎት። ሌላ ቃል ብጠቀም ኖሮ ግማሹ ሰው ባልገባው ነበር። ይህቺ ቃል ግን በሁለታችንም ቋንቋ አንድ ናት። እርስዎ ካርቶን ያላትን ያቺን ቁልፍ ከዘለላው ፈትተው ፊቴ አስቀመጡ። የሻዩን ከፈሉ፣ የእኔንም ጭምር፣ ከዚያ ወጡ። በማግስቱ ሙሚና «ረዳኢ እኮ ሽሬ ሄደ፣ የሰው መኪና ሊነዳ» አለችኝ። ያበደ ካልሆነ መካኒክ ጋራዡን ትቶ ለምን ሹፌር ይሆናል? ሸሽቷል አልኩ። ደስ አለኝ ልበልዎ? አዎ፣ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር።

ኤልሳዕ ባለፈው ማክሰኞ መጣ። ሃይለን ዓይናለም ፈልጉት ተባልን። እዚያ ደርሰን ጀሪካን የያዘች ሴትዮ አግኝቼ ሃይለ የሚባል ሰው ታውቂያለሽ ወይ አልኳት።

«ገዛ ሃይለ ዲኺ ትደልዪ?» አለችኝ።

ክው አልኩ። ይህቺም ታውቃለች! አገሩ ሁሉ ያውቃል!

«በስንት ገዛ?» አልኳት።

«እንታይ?»

«ሃይለ! መኪናዋን በስንት ገዛ?»

ሴትዮዋ ጀሪካኑን አስቀመጠች። አስተያየቷ የታመመ ሰው እንደማየት ነበር። ከዚያ ሰማያዊውን የቆርቆሮ በር በጣቷ እያሳየች፣ ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ ብላ፣ «ገዛ! ቤት፣ ቤት! ቤት ሃይለ!» አለችኝ። ካርቶኗ በቦርሳዬ ነበረች፤ አውጥቼ አየኋት። ያቺው «ገዛ» ናት። ቁልፉን በሩ ላይ ሞከርኩት፣ ተከፈተ። ኤልሳዕ «ምን ሆንሽ?» ሲለኝ እኔ ገብቼ ነበር።

አቶ ሃይለን ያውቋቸዋል፤ ሽማግሌ ናቸው፣ አንድ ዓይናቸው አያይም፤ እውነትም መኪና የሚነዱ ሰው አይደሉም። ግቢያቸው ውስጥ መኪናዋ በሸራ ተሸፍና ቆማለች። ኤልሳዕ ማግኔት በመሐረብ ጠቅልሎ አካሏን ሁሉ ይዳስሳት ጀመር። ላሜራ ላይ ይለጠፋል፣ ስቱኮ ላይ ይወድቃል። በየቦታው ተለጠፈ፤ ግራ በሩ ላይ ሲደርስ ወደቀ። ካምቢዮውን ሞከረ፣ ሁለተኛው ላይ ተቸገረ። የጨርቅ ጣሪያውን ዘረጋ፣ ተቀዷል። አንድ ሰዓት ሙሉ ለፍቶ እጁን ጠረገና «ሠላሳ ሁለት። ሃምሳ ያልኩሽን እርሺው» አለ። ይህን ቁጥር ከእኔ አልሰማም፤ ዋጋ እንዳያቀናብርብኝ ብዬ ደብቄው ነበር። እሱንም አላምነውም ነበርና።

እዚህ ላይ ብቆም መልካም ነበር። ኤልሳዕ ግን ኮፈኑን እንደገና ከፍቶ ሊብሬውን አየና «የሞተር ቁጥሩ አይገጥምም። ይህ ሞተር የእሷ አይደለም» አለኝ። ያ ብርጭቆ ውስጥ ያየ ዓይንዎ ትዝ አለኝ። አላልኩም ነበር? አልኩ። ረዳኢ ጥሩውን ሞተር አውጥቶ በሌላ ለውጦታል! በእኚያ ሽማግሌ ላይ ጮህኩባቸው፣ በገዛ ግቢያቸው።

አቶ ሃይለ አልተቆጡም። እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። አንዲት ነጭ ፊያት 124፣ የታክሲ ቀለም የተቀባች፣ በድንጋይ ላይ ቆማለች። ኮፈኗ ተከፍቷል። ሞተር ሊኖር በሚገባው ቦታ ገለባ ተነጥፎ ዶሮ ታቅፋለች።

«የረዳኢ ናት» አሉኝ። «ሔሩይ የገዛት ቀይዋ ሞተሯ የተሰነጠቀ ነበር። ስድስት ዓመት ዕቃ ፈለገላት፣ አልተገኘም። ሲታመም 'አንድ ቀን ሳልነዳት' አለ። ረዳኢ ቅዳሜ የራሱን አወጣ፣ እሑድ እዚያ ገጠመው፣ ሰኞ እስከ ኩሓ ነድተዋት ተመለሱ። ፎቶ ያነሳኋቸው እኔ ነኝ። አንድ ዓይን ነው ያለኝ፣ ረዳኢን ቆረጥኩት።»

ሰማያዊዋ ትከሻ የእርስዎ ቱታ ነበረች።

ዶሮዋ ፊት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለሔሩይ ቀብር እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም፤ ያኔ ደንዝዤ ነበር። አቶ ሃይለ «ኣጆኺ ሓብተይ» ሲሉኝ ደግሞ ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። አይዞሽ እህቴ ማለት ነው አሉኝ።

አሁን ግን እኔም ልቆጣዎት። ለምን አልነገሩኝም? «ሞተሩ የእኔ ነው» ማለት ምን ይከብዳል? እንጀራዎን የሚጎትተውን ሞተር የሟች ንብረት ብለው ለእኔ ቆጥረውልኝ፣ እርስዎ የሰው መኪና ሊነዱ ሽሬ ሄዱ። እኔ ሌባ እያልኩዎት እንኳ አልተናገሩም። በዚህ በጣም አዝኜብዎታለሁ።

ትናንት ካፌው ተመልሼ ሄድኩ። ሙሚና ያስጠናችኝን፣ ሌባ አይደለም የሚለውን፣ መሃል ላይ ቆሜ «ረዳኢ ሌባ ኣይኮነን!» አልኩ። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ሌላ ረዳኢ የሚባሉ ሰውዬ ተነስተው አመሰገኑኝ። የዚያን ቀኗ አስተናጋጅ ግን ገብቷታል።

ኤልሳዕ እስከ ሰኔ አምስት ይጠብቀኛል። መጥተው ሞተርዎን ያውጡ፤ ያለ ሞተር ሃያ ሁለት ሺህ ይሰጠኛል። ወይም ከነሞተሯ ትሸጥና አሥሩ ሺህ የእርስዎ ይሁን። በሃያ ሁለቱ ሁለቱ ክፍሎች ይለብሳሉ፣ ሳሎኑ ዓመት ይቆየናል። «ተይው ሓብተይ» የሚል መልስ እንዳይልኩብኝ፤ ሽሬ ድረስ መጥቼ እጮህብዎታለሁ፣ መጮህ እንደምችል ያውቃሉ። ይቅርታውንም ፊት ለፊት ልጠይቅዎ እፈልጋለሁ፣ በወረቀት አይሆንልኝም።

ፖስታው ውስጥ አንድ ቁልፍ ያገኛሉ። የደብረ ብርሃኑ ቤታችን ነው፤ ያ ከጣሪያው የቀደመው በር። ወደ አዲስ አበባ ሲያልፉ ሳይገቡ እንዳይሄዱ። እንደ እርስዎ ካርቶን ቆርጬ፣ «ገዛ ረዳኢ» ብዬ ጽፌ፣ በሲባጎ አስሬበታለሁ። አደራዎን፣ በአማርኛ እንዳያነቡት።

ሓብትኹም፣
ሸዋወርቅ