የአባዬ መጽሐፍ ያለበት ዲስክ

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ኮምፒዩተሩ ዛሬ ለመነሳት ሃያ ሁለት ደቂቃ ፈጀበት። ልብስ አጥቤ፣ አስጥቼ ስመለስ ገና ይሽከረከራል። አባዬ "በእርግጫ በይው" ይላል። ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፣ መዘግየት አይወድም።

አዲስ ዲስክ ገዛሁ። መጠኗ እንደ አሮጌው ነው፣ ፍጥነቷ ግን መብረቅ ነው አለኝ ሻጩ። እና ኮምፒዩተሩን የሚያስነሳውን ሲስተም የትኛው ላይ ልጫነው?

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ታናሽ ወንድሜን አማከርኩት። ሊቁ ነው የምንለው... ያልተጠየቀውን ሁሉ ስለሚመልስ። "አሮጌው ላይ ነዋ! የለመደውን ቤት ምን ያስለቅቀዋል?" አለ። ኮምፒዩተሩ ድመት መሰለው። ሻጩ ደግሞ ሲስተሙ አዲሷ ላይ፣ አሮጌው ለፋይል ይቅር ብሏል። የሱ ይሻላል።

ችግሩ ሲስተም ሲጫንበት ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ አሮጌው ላይ ደግሞ የአባዬ መጽሐፍ አለ። የሕይወት ታሪኩ። አራት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ በር ዘግቶ በሁለት ጣት ሲቀጠቅጥ የኖረው። ማንም አላነበበውም። ለዘመድ ሁሉ "ሦስት መቶ ገጽ አልፏል" ይላል። ተሳስቼ እሱን ባጠፋው... አገር ጥዬ ነው የምጠፋው።

"ምን ልታደርጊው ነው?" አለኝ ስነካካ አይቶ።

"ምንም አባዬ፣ ያንተን አልነካም።"

"አደራ።"

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ጠዋት መጀመሪያ መጽሐፉን ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ። በደንብ ሳልቀመጥ አለቀ። ሦስት መቶ ገጽ? በአንድ ቅጽበት? ተበላሽቶ ይሆን ብዬ ከፈትኩት። ለማረጋገጥ ብቻ ነው፣ እውነቴን ነው። (ለማን ነው የምምለው? ደብተሩ የራሴ።)

አራት ገጽ። አራተኛውም ግማሽ።

"የተወለድኩት" ብሎ ይጀምርና የእናቱን ግቢ አጥር ሦስት ገጽ ሙሉ ይተርካል። ከዚያ "ከዚያም አደግሁ" ይላል። አለቀ። ሌላ ፋይል ፈለግሁ... የለም። ያለው የካርታ ጨዋታ ነው። ከሁለት ሺህ ጊዜ በላይ አሸንፏል። ጎበዝ!

ሳቅሁ። ትንሽ ቆይቶ ሳቁ ጠፋብኝ።

ከዚያ ልጭን ገባሁ። የትኛው ላይ ይላል። ዲስክ ዜሮ፣ ዲስክ አንድ። ስም የለ፣ ምልክት የለ፣ መጠናቸው እኩል። አንዱን ልመርጥ ስል ሦስቴ ተመለስኩ። ለአራት ገጽ! ያውም ግልባጩ ኪሴ ውስጥ እያለ! ኮምፒዩተሩን ዘጋሁ፣ ሽፋኑን ፈታሁ፣ የአሮጌውን ገመድ ነቀልኩ። አሁን የሚታየው አንድ ብቻ። ጫንኩ። ሲያልቅ አሮጌውን መልሼ ሰካሁ። ሁሉም በቦታው አለ፣ አጥሩም ሳይቀር። ኮምፒዩተሩ በአሥር ሰከንድ ተነሳ። ጀግና ነኝ።

እሑድ፣ የካቲት 9

አክስቴ መጣች፣ የአባዬ ታላቅ እህት። ሊቁ ነው ያመጣት። ገና ሳትቀመጥ፣ "መጽሐፍህን ሳልሰማ ልሙትልህ? በል ዛሬ ሁለት ገጽ አንብብልኝ" አለችው።

አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ወደኔ አየ።

"ጠፋ እኮ" አለ። "ትናንት ልጅቷ ኮምፒዩተሩን ስታድስ... ጠፋ።"

ክው አልኩ።

"ሦስት መቶ ገጽ!" አክስቴ ደረቷን ደቃች። "አንቺ የማትረቢ!" ሊቁም አላስቻለው፣ "አሮጌው ላይ ጫኚ ብዬሽ ነበር" አለ። (እዚያ ብጭን ነበር የሚጠፋው፣ አህያ!)

ፍላሹ ኪሴ ውስጥ ነው። ልሰካው? በአሥር ሰከንድ ሁሉም ያየዋል። አባዬን አየሁት። የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል፣ ይቆልፋል፣ ይፈታል። አውቶቡስ ሙሉ ሰው በአንድ ቃል ጸጥ ያሰኝ የነበረ ሰውዬ...

"ይቅርታ" አልኩ። "ዲስኩ ተምታታብኝ።"

ሰኞ፣ የካቲት 10

ስልኩ ሲጮኽ ዋለ። የሞተ ሰው ያለ ነው የሚመስለው። የአጎቴ ልጅ "አይዞሽ፣ ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም" አለችኝ። አጠገቤ ብትሆን እነክሳት ነበር።

አባዬ አላናገረኝም። እኔም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ኮምፒዩተሩ ጋ ተቀምጬ ሳለሁ አባዬ ወንበር ተሸክሞ ገባ። ተቀመጠ። ጣሪያውን አየ።

"ከፍተሽው ነበር?"

"አራቱንም ገጽ።"

ወንበሩን ጠጋ አደረገ። ከዚያ፣ "አጥሩ ግን ጥሩ ነው፣ አይደል?"

"አጥሩ ጥሩ ነው።"

"ስጽፈው ሁሉ ነገር ውሸት ውሸት ይለኛል። ሳወራው ነው የሚመጣልኝ..." ፊቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። "አንቺን ማሳጣቴ ደግሞ ነውር ነው። ለአክስትሽ እነግራታለሁ።"

ይነግራት ይሆን? እንጃ። እስካሁን እንደተናደድኩ ነኝ። ግን ወደ ኮምፒዩተሩ ዞርኩ። "በል ተናገር፣ እጽፋለሁ።"

የመጀመሪያ የሥራ ቀኑን ነገረኝ። ፍሬን መርገጥ ፈርቶ አራት ፌርማታ አልፏል! ተሳፋሪው "ወራጅ አለ! ወራጅ አለ!" ሲል፣ እሱ ከሁሉም በላይ "እኔም ወራጅ ነኝ!" ብሎ ሲጮኽ... እኔ ያደግሁት አባትሽ ፈርቶ አያውቅም እየተባልኩ ነው። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔም ሆዴን ይዤ።

"ይሄን ግን እንዳትጽፊው" አለ።

ጽፌዋለሁ።