ቁልፉ ሐዋሳ ነበር

ለተከበሩ አቶ ታምሩ
የማዕድን ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ፒያሳ፣ ሐዋሳ

የተከበሩ ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎን ከነቤተሰብዎ በሙሉ ጤና፣ በተለይም ጆሮዎን በደህና እንዲያገኘው ከልብ እመኛለሁ። እኔ፣ እንቅልፍ ከማጣቴ በቀር፣ ደህና ነኝ። ሊድያ እባላለሁ፤ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው መጋቢት በወርቅ ማውጫችሁ ዋሻ ተደርምሶበት ከመሬት በታች የቀረው የሽበሺ ታላቅ እህት። አስከሬኑ ወጥቶ ተቀብሯል። ስፈልገው ግን አሁንም እዚያ ነው የማገኘው።

በቅድሚያ ለማጽናኛ ደብዳቤዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። በሁለተኛው አንቀጽ አንድ የአየር ማራገቢያና ሁለት ጋሪዎች መሰባበራቸውን፣ የመጠባበቂያ ሬዲዮው ግን «ምንም ጉዳት ሳይደርስበት በጥሩ ይዞታ ላይ እንደሚገኝ» አስታውቀውኛል። እንኳን ደስ አለዎት።

1ኛ. ይህ ሬዲዮ የዋሻው ስልክ ሲቋረጥ በዓለቱ ውስጥ አልፎ ድምፅ እንዲያደርስ የተገዛ ጥንድ ነው። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ሆኖ ይነጋገራሉ። በእርስዎ ዘንድ ግን ሁለቱም ፕላስቲካቸው ሳይቀደድ በግምጃ ቤቱ የብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጎብኚ ሲመጣ ይወጣሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ ይመለሳሉ። ሽበሺ እሑድ እሑድ ከቸርች ስወጣ ይደውልልኝ ነበር። «እታለም፣ ሬዲዮናችን እኮ ሙሽራ ናት፤ ለእንግዳ ካልሆነ ፊቷን አታሳይም» አለኝ። ሳቅሁ። ያንን ሳቄን አሁን የት እንደማደርገው አላውቅም።

2ኛ. ማክሰኞ ጠዋት የዋሻው ስልክ ዝም አለ። ሽበሺና ደረሰ የሚባል የሥራ ባልደረባው ሬዲዮው ይሰጠን ብለው ጠየቁ። የንብረት ኃላፊው ግን ቁልፉን በኪሳቸው እንደያዙ እዚህ ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል፣ ለሦስት ቀን ሥልጠና ገብተው ነበር። የሥልጠናው ርእስ የሥራ ላይ ደኅንነት ነው። ደረሰ ቁም ሳጥኑን ልስበረው ሲል የግምጃ ቤቱ ጠባቂ «ወንድሜ፣ ስብራቱ በማን ስም ሊመዘገብ ነው?» አለው። አልፈርድበትም። ለመስበር የሦስት ሰው ኮሚቴ ፊርማ ያስፈልጋል፤ ሦስተኛው ፈራሚ እኚሁ ኃላፊ ናቸው። ቢሮዎ ተደውሎለት «እስኪመለሱ ምን ይመጣል፣ ግቡ» አለ። ገብተው ወጡ። ረቡዕም ገቡ።

3ኛ. ረቡዕ ረፋዱ ላይ ተደረመሰ። ደረሰ ለበሩ ቅርብ ስለነበር ወጣ። ሽበሺ ከውስጥ በድንጋይ ሲያንኳኳ እስከ ማታ ይሰማ ነበር። ዓለት ድምፅን ይበትናል አሉኝ፤ ከየት እንደሚመጣ አይለይም። ዋሻው ውስጥ ለውስጥ ለሁለት ይከፈላል። ቀኙን ቆፈሩ።

ግራ ነበር።

አንዲት ቃል፣ የተከበሩ ሆይ። «ግራ» የምትል።

4ኛ. ማክሰኞ ጠዋት እኔ መናኸሪያ ነበርኩ። ለሽበሺ የገዛሁለትን ጫማ በአውቶቡስ ልልክለት። ሆቴሉ ከቆምኩበት በባጃጅ አሥር ደቂቃ ነው። ማንም አልነገረኝም። ቢነገረኝ ሥልጠናው መሀል ገብቼ፣ ተንበርክኬ፣ ቁልፉን እቀበል ነበር። ቁልፍ ከጫማ ጋር በአንድ ፌስታል ይገባል። ጫማው ማክሰኞ ማታ ደርሶታል።

5ኛ. አምስተኛ ቅሬታ የለኝም። ልመና ነው ያለኝ። ሰኞ ዋሻው እንደገና እንደሚከፈት ሰምቻለሁ። ደረሰ ይገባል። ሊሰናበተኝ መጥቶ ሬዲዮዎቹ አሁንም እዚያው፣ ከነፕላስቲካቸው እንዳሉ ነገረኝ። «ምን ላድርግ እታለም፣ ሥራ ነው» አለ፤ በሽበሺ አጠራር። እባክዎን ፕላስቲኩን ይቅደዱት። አንዱን ታች፣ አንዱን ላይ ያድርጉት። ይቧጨር። አቧራ ይንካው። ሰው ይናገርበት።

ለንብረት ያለዎት ርኅራኄ ከዓመት ዓመት እንዲጠበቅልዎ፣ ከእሱም የተረፈው ቢኖር ለሰው እንዲደርስ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

ሊድያ፣ የሽበሺ እህት

ማስታወሻ፦ የሽበሺ የራስ መብራት በስሙ ወጪ ስለሆነ እስኪመለስ ድረስ ፋይሉ እንደማይዘጋ ንብረት ክፍልዎ ሁለት ጊዜ ደውሎ አስታውሶኛል። ስለ መብራቱ በፍጹም አይስጉ፤ ከአስከሬኑ ጋር ደርሶኛል። ወልውዬ፣ በፕላስቲክ ጠቅልዬ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ምንም ጉዳት አልደረሰበትም። ቁልፉ ሐዋሳ ነው።