እማዬ ቀን ቀን ቤቷ ናት

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንደምን ከርመሃል? ወገብህ ተሻለህ ወይ? ያ ረጅም መኪና አሁንም ቀን ከሌት ያስነዳሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እኛ በሕይወት አለን፣ አልሐምዱሊላህ። ደህና ነን ብዬ ልጽፍልህ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

የእስልምና ኪነ ጥበብና ቅርስ በዓል ሲከበር ቤታችንን በቴሌቪዥን አይተህ አለቀስኩ ብለኸኛል። እማዬ አባባ በቀረጸው የኖራ መደርደሪያ ሥር ተቀምጣ ስታያት «እድሳቱ አልቆ ቤቷ ገባች» ብለህ ጓደኞችህን ሁሉ ጠርተህ አሳየሃቸው። በስልክ ደስታህን ላፈርስብህ አልደፈርኩም። እማዬ ቤቷ አልገባችም፣ ወንድምዬ።

የቅርስ ቢሮ ሰዎች ለእድሳት ብለው ሲያስወጡን «ጣሪያው ሲጠገን ትመለሳላችሁ» ነበር ያሉን፤ ይህን ታውቃለህ። ጣሪያው ተጠገነ። በሩም ተወልውሎ አባባ የፈለፈላቸው አበቦች ትናንት የተሠሩ መሰሉ። እውነቱን ልንገርህ፣ እንዲህ አምሮ አይቼው አላውቅም። ከዚያ የቅርስ ቢሮው ሰዎች ጠሩንና ቤቱ የሕዝብ ሀብት ሆኗል፣ ከእንግዲህ ሰው አይኖርበትም አሉን። መደርደሪያው ሥር «የጥንት ባለሙያዎች የእጅ ሥራ» ብለው ለጥፈዋል። አባባ እሱን የቀረጸው አንተ በተወለድክ ዓመት አልነበር? እንግዲያማ አንተም ጥንታዊ ቅርስ ነህ፣ አጥር ይታጠርልህ። ሰሞኑን የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው።

እማዬን ግን ፈለጓት። የቢሮው አስጎብኚ እዚህ ኪራይ ቤታችን ድረስ መጥታ «እማማ፣ ቤት ሰው ሲኖርበት ነው የሚያምረው፤ ቀን ቀን እየመጡ ቢቀመጡልን» አለቻት። እማዬ በቃ የመለሷት መሰላት። በነጋታው ትራሷንና ማንቆርቆሪያዋን በሻሽ ቋጥራ ከፀሐይ ቀድማ ሄደች።

አመሻሽ ላይ ልወስዳት ስደርስ ዘበኛው ቁልፍ ይዞ ቆሟል፣ እሷ አልነሳም ብላለች። «የቤቱ ባለቤት እኔ ውስጥ ቁጭ ብዬ ማነው የሚቆልፍብኝ?» ትለዋለች። ምስኪኑ «እማማ፣ በፈጠረዎት፣ ከእንጀራዬ አያፈናቅሉኝ» እያለ ይለምናታል። የተነሳችው ለእሱ አዝና ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ማንም ሳይነግራት ሰዓቷን ጠብቃ ትወጣለች። አንጀቴን የቆረጠው ይኼኛው ነው።

አንድ ቀን ደግሞ የዙሁር ሶላት ደርሶ የአባባን መስገጃ ከግድግዳው ልታወርድ ስትል «አይነካም» አሏት። አሁን መስገጃ ከዚህ ይዛ ነው የምትሄደው።

እኔ ያላንኳኳሁት በር የለም። አንዱ ወደ ሌላው ይልከኛል፣ ሌላው «እናንተ እኮ ልትኮሩ ይገባል» ብሎ ይሸኘኛል። ተስፋዬ ተሟጧል። የልብስ ስፌት መኪናዬ እንኳ እዚህ ጠባብ ክፍል አልገባ ብሎኝ ኮሪደር ላይ ነው የምሰፋው። እማዬ እህል አይዋጥላትም። ከዚያ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ የአልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ትላለች። «አረፍ በይ እንጂ» ስላት «ግድ የለም፣ አሁን እነሳለሁ» ትለኛለች፤ ሰው ቤት እንደመጣ እንግዳ።

ይህን እንደጻፍኩልህ እማዬ አታውቅም። «ቤቴ ነኝ በይው፣ ልጄ በሰው አገር ልቡ እንዳይሰበርብኝ» ብላኛለች። ስትደውልላት ያላወቅህ መስለህ ስለ ቤቷ ጠይቃት። ስለ መደርደሪያው ስታወራህ ድምጿ ይመለሳል።

ባለቤትህን በጣም አድርገህ ሰላም በልልኝ። ትልቋ ልጅህን ጉንጯን ሳምልኝ፣ ቀበጡንም ጆሮውን ቆንጠጥ አድርገህ አክስትህ ናፍቃሃለች በለው። እማዬ በየሶላቷ ስማችሁን እየጠራች ዱዓ ታደርግላችኋለች። አላህ ብሎ ልጆቹን ይዘህ የመጣህ ቀን በሩ ላይ ትኬት ይጠይቁሃል። ልጇ ነኝ ብትል አይሰሙህም፣ እኔንም አልሰሙኝም። ትኬቱን ቁረጥና ግባ። ብቻ ሳይመሽ ድረስ፤ ከመሸ እዚያ አታገኛትም።

እህትህ
ከኪራዩ ቤት፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ ሻዕባን 9