አባቴን «ድራይቨር አልተገኘም» ላለው የግራፊክስ ካርድ

ለተከበሩ የካርዱ አምራች ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በተለይም ያ ምላሰ ቅቤ የማስታወቂያ ክፍልዎ ደኅና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። አባቴ ዕድሜውን በከባድ መኪና መሪ ላይ የፈጀ ሾፌር ሲሆን፣ ጉልበቱ ከከዳው ወዲህ በመስኮት የሚያልፍ የሚያገድመውን መኪና ሲቆጥር ባየው ሆዴ ባባ፤ የጭነት መኪና የሚነዳበት ጌም ጫንኩለትና «ለመካከለኛ ኪስ፣ ለከፍተኛ ደስታ» ያሉለትን፣ የኮምፒውተር ምስል የሚያጠራውን አዲሱን ካርድዎን ገዛሁ። ለዚህ ውለታዎ ምስጋናዬ በተራ ቁጥር የሚከተለው ነው።

፩. ካርዱ ከኮምፒውተራችን ቀፎ ስለረዘመ፣ በሰውነቱ ቅጥነት «ብሎን» የምንለው የሰፈራችን ጥገና ባለሙያ ቀፎውን በብረት መጋዝ ቆርጦ አስገባው። እኔ ልብስ ለሰው ይለካል እንጂ ሰው ለልብስ አይቆረጥም ብዬ ስሳሳት ኖሬአለሁና፣ ስላረሙኝ አመሰግናለሁ።

፪. ኮምፒውተሩ ሲከፈት «ድራይቨር አልተገኘም» አለ። አባቴ መነጽሩን ወልውሎ ደግሞ አነበበና፣ «እኔ ታዲያ ምን ሆኜ ነው የተቀመጥኩት?» ብሎ መንጃ ፈቃዱን ሊያመጣ ተነሣ። ብሎን፣ ነገሩ ካርዱን ከኮምፒውተሩ የሚያግባባ ፕሮግራም መሆኑን አስረድቶ እስኪጭነው ድረስ፣ ከማሽን ጋር የተኳረፈ አባት ማስታረቅ ምን እንደሚመስል አየሁ።

፫. በጌሙ ዝናብ ሲጥል መንገዱ ይጠፋል፤ ዛፎቹም መኪናው ካለፈ በኋላ ይበቅላሉ። አባቴ ጠንቃቃ ነውና ዳር ይዞ፣ ሁለቱንም ፍሬቻ አብርቶ፣ መንገዱ እስኪመጣ ይጠብቃል። «ሾፌር ሲያረፍድ አውቃለሁ፤ መንገድ ሲያረፍድ ግን ገና አሁን አየሁ» አለኝ። ትሑቱ የደንበኞች አገልግሎትዎም ትልቁን ካርድ ግዢ ሲል መከረኝ።

ካርዱን ነቅዬ ልመልስ ስል አባቴ እጄን ያዘኝ። ብሎንን ጠርቶ፣ የካርዱ ጭነት እንዲቀል ሣሩን፣ ጥላውን፣ ደመናውን ሁሉ ከጌሙ እንዲያጠፋለት አዘዘው። «እኔ መንገድ እንጂ ሣር አልነዳ» አለ። እርስዎ ያስተዋወቁት ውበት ሁሉ ሲወገድ መኪናው ቀጥ ብሎ ሄደ። ጭነቱን አድርሶ ሞተር ሲያጠፋ፣ ከመንገድ ሲመለስ ለእናቴ ይል እንደነበረው፣ ዞር ብሎ «በሰላም ገባሁ» አለኝ። እኔም ወደ ስፌቴ አቀረቀርኩ፤ ክሩ ግን ለጊዜው አልታየኝም።

ሳይበስል የሚቀርበውን ጥበብዎን እያደነቅሁ፣ ረጅም ዕድሜና ከካርድዎ የተሻለ የማስታወስ ችሎታ እየተመኘሁ፣ እጅ እነሣለሁ።

የሾፌሩ ልጅ

ከፊርማ በኋላ፦ ጎረቤታችን የካርዱን ማቀዝቀዣ ማራገቢያ ድምፅ ሰምተው ወፍጮ የገዛን መስሏቸው እህል ይዘው መጡ። አሳፍሬ መመለሱ ከበደኝ፤ ከማስታወቂያዎ ይልቅ የእርሳቸው ግምት ለእውነቱ ይቀርባልና።