አሥራ ሰባተኛው ጠርሙስ

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9
አርባ ጠርሙስ የፖም ጭማቂ ቤተ ሙከራችን ደረሰ። ከየመንደሩ አንድ አንድ... ቁጥር ስለጥፍ ዋልኩ። ዘንድሮ የምንፈልገው ፓቱሊንን ነው፤ ሻጋታ ፖም ውስጥ ትቶት የሚሄደውን መርዝ። አይታይ፣ አይሸት። ጠላት ቢሆንም ተንኮሉ ደስ ይለኛል።

አሥራ ሰባት ቁጥር፣ የመንደራችን፣ የአባዬ ነው። አምና ለመከር እሑድ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ የምርት በዓል፣ ከጨመቀው ተርፎ ጓዳዬ የነበረ። እንደ እሱ ፖም የሚያጥብ መንደራችን ውስጥ የለም። ሲክስተንን፣ መመርመሪያ ማሽኑን አብሮኝ የሚያሠራውን፣ "ንጹሕ ምን እንደሚመስል ማሳያ ይሁነን" አልኩት።
"ለአባትሽ ማስታወቂያ ልትሠሪ ነው?"
አዎ... ትንሽ።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 13
አሥራ ሰባት፦ በኪሎ ሁለት መቶ አሥር ማይክሮግራም። በሕግ ገደቡ ሃምሳ ነው።
ማሽኑ ተሳስቷል።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 16
ማሽኑ አልተሳሳተም። ሦስት ጊዜ ደገምኩ። ከአርባው የባሰው እሱ ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው።

ሲክስተን "ከዝርዝሩ አውጪው። ከራስሽ ጓዳ ያመጣሽው ነው፤ ማን ይጠይቅሻል?" አለኝ። ክፋት አይደለም፣ አዝኖልኝ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይኼኛው ዝም ግን ይነቅዛል። የመከር እሑድ ኦክቶበር 6 ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሙሉ ልጆች የአባዬን ጭማቂ ይጠጣሉ። ለሕፃን ገደቡ አሥር ነው።

ግን ከየት መጣ? ትንሽ ጠባሳ ያለባትን ፖም እንኳ ለአጋዘን የሚጥል ሰው! ከፍርሃቱ ይልቅ የሚያንገበግበኝ አለማወቄ ነው።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 21
መንደር ሄድኩ። አባዬ በረንዳው ላይ ፖም ይመርጣል። ሳልቀመጥ ነገርኩት።
"መርዝ? በእኔ ጭማቂ? ሰማንያ ዲግሪ አሞቀዋለሁ እኮ!"
"ሙቀቱ ሻጋታውን ይገድላል አባዬ። የተወውን አይነካውም።"
"ሠላሳ ዓመት ጨመቅኩ። የሞተ አለ?"
"ባንዴ የሚገድል አይደለም። እየዋለ እያደረ ነው፣ ይልቁንም ለትንንሾቹ።"
"ሰው ምግብ ውስጥ መርዝ ፍለጋ ተማርሽ፣ ተማርሽና እኔ ቤት አገኘሽው።"
ጀርባውን ሰጠኝ። አመመኝ። ምሳ ድንችና ዓሣ በላን።

ከዚያ ምድር ቤት ወረድኩ። ሳጥኖቹ ባዶ ናቸው። ጥግ ላይ ብቻ አራት ሳጥን ሙሉ ፖም።
"እነዚህስ?"
"የዩርዲስ ናቸው። አይነኩም! ለመከር እሑድ ነው። ሦስት ሳምንት ሲያርፉ ነው የሚጣፍጡት።"
እትዬ ዩርዲስ ጎረቤታችን ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ፣ በየዓመቱ ፖማቸውን በጆንያ አጥራችን ላይ ሰቅለው ቃል ሳይናገሩ ይሄዳሉ። አባዬም ጆንያውን አጥቦ፣ አንድ ጠርሙስ ከቶበት፣ አጥራቸው ላይ ሰቅሎ ይመለሳል። የሁለቱ ጨዋታ ይኸው ነው። አሥራ አንድ ዓመት!

አንዷን አነሳሁ። ቀይ፣ የምታበራ፣ ጭረት የላትም። ለሁለት ከፈልኳት። መሃሏ፣ ፍሬው ያለበት፣ አረንጓዴ ሻጋታ። ሌላ። ሌላ... ከአሥር አራቱ። የዚህ ዛፍ ፖም ከግርጌው፣ አበባው በነበረበት በኩል፣ ቀዳዳ አለው። ሻጋታው በዚያ ይገባና፣ ፖሙ ሲያርፍ እሱ ይሠራል። ላይዋን ሳይነካ! እንዴት ያለ ብልሃት ነው? ፈገግ አልኩ መሰለኝ። ቀና ስል አባዬ ያየኛል። አፈርኩ።
ቢላውን ከእጄ ወሰደ። ራሱ ቆረጠ። ብዙ ቆረጠ።
"አምናም ዘንድሮም ስላቆየኋቸው ነው?"
"አዎ።"
"ስለሳሳሁላቸው።"
"አዎ አባዬ።"

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 24
አባዬ ስልክ አይደውልም። ደወለ።
"ለዩርዲስ ማን ይንገራት?"
"አንተ።"
"ምን ብዬ?"
"እንዳየኸው።"
ዘጋው።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 26
አባዬ ከአምና የቀሩትን ስልሳ ሁለት ጠርሙሶች አፈሰሳቸው። አሥራ ሰባት ቁጥር ዝርዝሩ ውስጥ እንዳለ ነው። ሲክስተን አይቶ ፈረመበት።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 2
ፈቃድ ወስጄ መንደር ሄድኩ። በረንዳው ላይ ሁለት ወንበር፣ ሁለት ቢላ። አንደኛው ወንበር ላይ እትዬ ዩርዲስ! ትናንት ከዛፍ የወረደውን ፖም አንድ በአንድ ለሁለት ይከፍላሉ፤ አባዬ እያየ ያልፋል።
"ቶሩን" አሉኝ፣ "አሥራ አንድ ዓመት ጠብቄ፣ አባትሽ በሬን አንኳኳ። ደስ ብሎኝ ስከፍት 'ፖምሽ ሻግቷል' አይለኝም!"
"ታዲያ ምን ልበል?" አለ አባዬ። ጆሮው ቀልቷል።
"ደህና ዋልሽ ይባላል መጀመሪያ!"
ከተጨመቀው አንድ ጠርሙስ ይዤ ተመለስኩ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 4
አራት! ሁለቴ ደገምኩ። አራት። ደወልኩለት።
"አራት ጥሩ ነው?"
"በጣም።"
"ቆይ፣ ለዩርዲስ ልንገራት" ብሎ ሳይሰናበተኝ ዘጋው።

እሑድ፣ ኦክቶበር 6
ልጆቹ ጠጡ። ደገሙ። ጣዕሙ እንደ አምናው አይደለም፣ ይኮመጥጣል። ማንም አላማረረም፤ ከአባዬ በቀር።

ከሰዓት ቤት ስንገባ፣ ልማድ ሆኖብኝ አጥሩን አየሁ። ጆንያ የለም። ኋላ የአጥሩ በር ማጠፊያ ሲጢጥ ሲል ሰማሁ፤ ስንት ዓመት ዘይት ያልነካው በር። እትዬ ዩርዲስ ጆንያውን በእጃቸው ይዘው ገቡ።
"ደህና ዋልሽ" አላቸው አባዬ።